አባ ግሬጓር፦ ለሰው የተሟገቱ፣ ለቋንቋ ያልራሩ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1794 የፈረንሳይ ምክር ቤት በቅኝ ግዛቶቹ ሁሉ ባርነትን ሻረ። ለዚያ ቀን መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዱ የገጠር ቄስ ነበሩ። አራት ወር ቆይቶ፣ ጁን 4 ላይ፣ እኚሁ ቄስ እዚያው ምክር ቤት ፊት ቆመው ሌላ ሪፖርት አነበቡ። ይኼኛው የአገሬውን ቋንቋዎች ስለ ማጥፋትና ፈረንሳይኛን ለሁሉ ስለ ማዳረስ ነበር። ማጋነን አይደለም፤ «ማጥፋት» ርዕሱ ላይ ተጽፏል።

ሰውየው አንሪ ግሬጓር ይባላሉ። እኛ አባ ግሬጓር እንበላቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ እሳቸው ከሚጽፉት አንዳንዶቹ የባርነቱን ትግል አወድሰው የቋንቋውን ነገር ቶሎ ያልፉታል። የራሳቸው ቋንቋ ባላቸው የፈረንሳይ አካባቢዎች፣ በብሬታኝ ወይም በባስክ አገር፣ የተወለደ ጸሐፊ ደግሞ የተገላቢጦሹን ያደርጋል። እኔ ሁለቱም ጉዳዩን ስተውታል ባይ ነኝ። አባ ግሬጓር በአራት ወር ውስጥ ሐሳባቸውን አልቀየሩም። ሁለቱም ሥራዎች ከአንድ እምነት የተቀዱ ናቸው። ሰው በግሉ ሙሉ መብት ይኑረው፤ ለማኅበረሰቡ ግን እንደ ማኅበረሰብ ምንም አይሰጠው። ይህ ውል ዛሬም የፈረንሳይ ሕግ ውስጥ አለ። የሳቸው ሕይወት ውሉ እንዴት እንደታሰረ ያሳያል።

የልብስ ሰፊው ልጅ

አባ ግሬጓር የተወለዱት ዲሴምበር 4 ቀን 1750 ነው። ቦታው በሎሬን፣ ከሉኔቪል ከተማ ብዙም የማይርቅ ቬኦ የሚባል መንደር ነው። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ናንሲ ከተማ ኢየሱሳውያን ዘንድ ተማሩ፣ ቅስና ተቀበሉ፤ ከዚያም አምቤርሜኒል የምትባል ትንሽ ደብር ተሰጣቸው። እዚያ ለገበሬዎቹ ቤተ መጻሕፍት ከፈቱላቸው። መጻሕፍቱ ስለ ጸሎት ብቻ አልነበሩም፤ ስለ እርሻም ነበሩ። ይህን ልብ በሉልኝ። ለድሃ መጽሐፍ ማቀበል የሳቸው ትልቅ እምነት ነው፤ በኋላ ለሚመጣው የቋንቋ ጉዳይም ሥሩ እዚህ ነው።

ሎሬን የድንበር አገር ነው። ፈረንሳይኛ አለ፣ የጀርመን ዘዬ አለ፣ የአካባቢው ገበሬ የራሱ አነጋገር አለው። አይሁዶች ደግሞ ዪዲሽ ይናገራሉ። ያን ጊዜ በፈረንሳይ ከነበሩት 40,000 ገደማ አይሁዶች አብዛኞቹ የሚኖሩት በአልዛስና በሎሬን ነው። ኑሯቸው ፈቃድ እየጠየቁ የሚኖሩት ነበር። ብዙ ሙያ ተዘግቶባቸዋል፣ ልዩ ግብር ተጭኖባቸዋል። ወደ ስትራስቡርግ የሚገባ አይሁዳዊ እስከ 1784 ድረስ ልክ እንደ ከብት የመግቢያ ቀረጥ ይከፈልበት ነበር። ሌሊት ከተማው ውስጥ ማደርም ክልክል ነው።

በ1785 የሜስ ከተማ አካዳሚ የጽሑፍ ውድድር አወጀ። ጥያቄው «አይሁዶችን በፈረንሳይ ይበልጥ ጠቃሚና ይበልጥ ደስተኛ ማድረጊያ መንገድ አለ ወይ?» የሚል ነው። ሽልማቱ በ1788 ለሦስት ሰዎች ተከፈለ። አንዱ የናንሲ ጠበቃ ነው። ሁለተኛው ከፖላንድ መጥቶ ፓሪስ የሚኖር ዛልኪንድ ሁርዊትስ የተባለ አይሁዳዊ ነው። ሦስተኛው አባ ግሬጓር ናቸው።

ድርሰታቸውን ዛሬ ያነበበ ሰው ሁለት ዓይነት ስሜት ይሰማዋል። በአንድ በኩል ለዘመኑ የሚገርም ድፍረት አለው። አይሁዳዊው አራጣ አበዳሪ የሆነው ሌላ በር ስለዘጋንበት ነው ይላሉ። ጥፋቱ የኛ የክርስቲያኖቹ ነው፣ ወንድሞቻችን ናቸው፣ ዜጋ እናድርጋቸው ይላሉ። በሌላ በኩል ድርሰቱ ስለ አይሁዶች ጠባይና አካል በስድብ የተሞላ ነው። እንደ ተበላሸ ነገር ያዩዋቸዋል፤ ርዕሱም ስለ አይሁዶች «መታደስ» ነው የሚናገረው። መድኃኒታቸው ምንድን ነው? አይሁዶቹ በየመንደሩ በክርስቲያኖች መሐል ይበተኑ። ዪዲሽ ይቅር። ልጆቻቸው የመንግሥት ትምህርት ቤት ይግቡ። ከዚያ በፍቅር ተስበው ወደ ክርስትና ይመጡ ይሆናል የሚል ተስፋም አላቸው።

የኋላው ሁሉ እዚህ አለ። መጀመሪያ በሩን ክፈትለት፣ ከዚያ እንደኛ ይሆናል።

ቬርሳይና ፓሪስ

በ1789 ንጉሡ ጉባኤ ሲጠራ አባ ግሬጓር የናንሲ ካህናት ተወካይ ሆነው ሄዱ። ጳጳሳቱ ከመኳንንቱ ጋር ሲወግኑ እሳቸው ከሕዝቡ ተወካዮች ጋር ቀድመው ከተቀላቀሉት ቄሶች መሐል ነበሩ። ሠዓሊው ዳቪድ ተወካዮቹ ሕገ መንግሥት ሳናወጣ አንበተንም ብለው የማሉበትን ትዕይንት ሲነድፍ አባ ግሬጓርን ፊት ለፊት መሐል ላይ አደረጋቸው። ከአንድ መነኩሴና ከአንድ የፕሮቴስታንት ፓስተር ጋር ተቃቅፈው ይታያሉ። መነኩሴው በዕለቱ እዚያ አልነበሩም። ሠዓሊው የጨመራቸው ሥዕሉ እንዲያምርለት ነው መሰለኝ።

በዚያው ክረምት በአልዛስ ገበሬዎች የአይሁዶችን ቤት ዘረፉ። አባ ግሬጓር ወዲያው ጉዳዩን ምክር ቤት ፊት አነሱ። ኦክቶበር 14 ላይ የአይሁዶች ልዑካን ጉባኤው ፊት ቀርበው እንዲናገሩ ሲፈቀድም ከጎናቸው ነበሩ። ዲሴምበር 23 ላይ ግን የክርክሩን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጠቀለለው ሌላ ሰው ነው። መኳንንቱን ወክሎ የመጣው ክሌርሞን-ቶኔር እንዲህ አለ፦ «ለአይሁዶች እንደ ሕዝብ ሁሉም ነገር ይከልከል፤ እንደ ግለሰብ ሁሉም ነገር ይሰጣቸው።» ውሉ ማለት ይኼ ነው። አባ ግሬጓር ያን ቀን ባይናገሩትም፣ ድርሰታቸው ያው ነው።

ነገሩ እንደታሰበው ቶሎ አልሄደም። በጃንዩዋሪ 1790 የቦርዶና የአካባቢው አይሁዶች ብቻ ዜግነት አገኙ። የአልዛስና የሎሬኖቹ እስከ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1791 ድረስ ጠበቁ። ይህ ቀን ከሌላ ቀን ጋር አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው። ለዚያ ግን መጀመሪያ ባሕር መሻገር አለብን።

ሴን-ዶማንግ

የዛሬዋ ሐይቲ ያን ጊዜ ሴን-ዶማንግ ነበረች። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ስኳርና ቡና ከሚያመርቱት ቅኝ ግዛቶች አንዷ ናት። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ባሪያ፣ ወደ 30,000 ነጮች፣ ከነጮቹ ብዙም የማያንሱ ነፃ ክልሶችና ነፃ ጥቁሮች ይኖሩባታል። ከእነዚህ ነፃ ሰዎች መሐል መሬት ያላቸው፣ የተማሩ፣ ራሳቸውም ባሪያ የሚገዙ ነበሩ። ሆኖም በቆዳቸው ምክንያት ሹመትና ምርጫ ተከልክለዋል።

ዡሊየን ሬሞንና ቬንሳን ኦዤ የሚባሉ የእነዚህ ሰዎች ተወካዮች ፓሪስ መጥተው አቤት አሉ። የተከላቾቹ፣ ማለትም የትልልቅ እርሻ ባለቤት የሆኑት ነጮች፣ ማኅበር በገንዘብና በወዳጅ ብዛት በሩን ዘጋባቸው። አባ ግሬጓር ግን ተቀበሏቸው። ባርነትን የሚቃወመው የጥቁሮች ወዳጆች ማኅበር አባል ነበሩና በ1789 መጨረሻ ለነፃ ክልሶቹ መብት የሚከራከር መጽሐፍ አሳተሙ። ስድብ ወረደባቸው። በእንግሊዝ ገንዘብ የተገዙ ናቸው ተባለ።

ኦዤ በ1790 ወደ አገሩ ተመልሶ በጥቂት ሰዎች አመፀ። ተሸነፈ፣ ተያዘ፤ በፌብሩዋሪ 1791 አጥንቱ በመንኮራኩር ላይ ተሰብሮ ተገደለ። ፓሪስ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ሜይ 15 ላይ ምክር ቤቱ ከነፃ አባትና ከነፃ እናት ለተወለዱ ክልሶች የመምረጥ መብት ሰጠ። በጣም ጠባብ ድል ነው። ሐሳቡን ያቀረበው ደግሞ የአልዛሱ ተወካይ ረውቤል ነው። ረውቤል የአይሁዶች መብት ዋና ተቃዋሚ ነበር! ለሩቁ ክልስ እጁን ዘርግቶ ለጎረቤቱ አይሁዳዊ ፊቱን ያዞራል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ነበር። ሁለቱንም እኩል የያዘ ሰው ጥቂት ነው። አባ ግሬጓርን ከብዙዎቹ የሚለያቸው ይህ ነው፤ ለማን እንደሚከራከሩ አላማረጡም።

ከዚያ ሴፕቴምበር 24 መጣ። ተከላቾቹ ገፍተው፣ ባርናቭ የተባለው ተናጋሪ ለምኖ፣ የሜዩ ሕግ ተሰረዘ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ የአይሁዶች ዜግነት ጸደቀ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያው ምክር ቤት ለአንዱ ሰጥቶ ከሌላው ነጠቀ። ያ ምክር ቤት የመብት አዋጅ ያወጣ፣ ሰው ሁሉ እኩል ተወለደ ያለ ነው። ስኳር ሲመጣ ግን እኩልነት ቀጠሮ ተሰጠው።

ሴን-ዶማንግ ግን ቀጠሮ አልጠበቀችም። በኦገስት 1791 ባሪያዎቹ ራሳቸው ተነስተው ነበር። በኤፕሪል 1792 ፓሪስ ደንግጣ ለነፃ ክልሶች ሙሉ እኩልነት ሰጠች። በኦገስት 1793 እዚያው ያለው የመንግሥት ኮሚሽነር ሶንቶናክስ፣ ሌላ መውጫ ቢያጣ፣ በሰሜኑ ክፍል ባሪያ ሁሉ ነፃ ነው ብሎ አወጀ። የፌብሩዋሪ 1794ቱ አዋጅ መሬት ላይ የሆነውን ማጽደቅ ነበር። ዜናውን ይዘው ከመጡት ተወካዮች አንዱ ዣን-ባቲስት ቤሌ ይባላል። ጥቁር ነው፣ ቀድሞ ባሪያ የነበረ።

እዚህ ላይ ስለ አባ ግሬጓር መደበቅ የሌለበት ነገር አለ። እሳቸው የሚፈልጉት ነፃነት ደረጃ በደረጃ የሚመጣውን ነበር። በኋላ በጻፉት ማስታወሻ ያንን ድንገተኛ አዋጅ ጎጂ እርምጃ ነበር ብለው ከእሳተ ገሞራ ጋር አመሳሰሉት። ባሪያው መጀመሪያ ይማር፣ ይታነጽ፣ ከዚያ ነፃ ይውጣ የሚል ነው ሐሳቡ። ያ የሜሱ ድርሰት መንፈስ አልተለወጠም። ቅን ሰው ናቸው። ግን ሰውየውን ዝግጁ ነው ወይስ አይደለም ብሎ መመዘን አይለቃቸውም።

ሐምራዊ ካባ

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይ ባጭሩ ልበል፤ አሟሟታቸው ያለዚህ አይገባም። በ1790 የፈረንሳይ አብዮት ካህናትን የመንግሥት ደመወዝተኛ አድርጎ ለሕገ መንግሥቱ እንዲምሉ አዘዘ። በምክር ቤቱ ካሉት ካህናት ቀድመው የማሉት አባ ግሬጓር ናቸው። ሮም አወገዘች። እሳቸው በብሏ ከተማ በሕዝብ ምርጫ ጳጳስ ሆኑ። በሴፕቴምበር 1792 ንጉሣዊው አገዛዝ ይሻር ብለው ከተሟገቱት ዋነኛው ነበሩ። ነገሥታት በሥነ ምግባር ዓለም ያላቸው ቦታ በተፈጥሮ ዓለም ጭራቆች ያላቸው ቦታ ነው ያሉትም ያን ዕለት ነው። ንጉሡ ሲፈረድበት ግን ለሥራ ሳቮዋ ነበሩ። በደብዳቤ ጥፋተኛ ነው አሉ፤ «ሞት» የሚለውን ቃል ግን ከደብዳቤው አስወጡት። የሞት ቅጣትን ይቃወሙ ነበርና።

በኖቬምበር 1793 ሃይማኖት ራሱ ወንጀል ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። የፓሪሱ ጳጳስ ጎቤል ምክር ቤት ቀርቦ ሹመቱን አስረከበ። ሌሎችም ተከተሉ። አባ ግሬጓርን መድረክ ላይ ገፍተው አወጧቸው። እሳቸው ግን ጳጳስ ነኝ፣ ጳጳስም ሆኜ እቀጥላለሁ አሉ። አንገት መቁረጫው ጊሎቲን በየቀኑ በሚሠራበት ወቅት ይህን ማለት ራስን ለሞት ማጨት ነው። ከዚያ በኋላም ሐምራዊ የጳጳስ ልብሳቸውን ለብሰው ምክር ቤት ይገቡ ነበር። እንዴት እንደተረፉ ይገርማል።

43 ጥያቄዎች

አሁን ወደ ቋንቋው። በኦገስት 1790 አባ ግሬጓር ለየክፍለ ሀገሩ 43 ጥያቄ ያለበት መጠይቅ ላኩ። በአገራችሁ ፈረንሳይኛ የማይችል አለ? የአካባቢው አነጋገር ከየት መጣ? መጻሕፍት አሉት? ቄሱ የሚሰብከው በምንድን ነው? ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን ፈጽሞ የመረጃ ጥያቄ አይመስልም፦ ይህን አነጋገር ጨርሶ ማጥፋት ለሃይማኖትና ለፖለቲካ ምን ይጠቅማል? መልሱ ጥያቄው ውስጥ አለ።

የዛሬ የቋንቋ ምሁራን ይህን መጠይቅ ይወዱታል፤ በዘመኑ የፈረንሳይ ገጠር ምን ይናገር እንደነበር ከሚያሳዩ ጥቂት ሰነዶች አንዱ ነው። ለማጥፋት የተሰበሰበው መረጃ ለመዘከር ዋለ።

ከመልሶቹ ተነስተው በ1794ቱ ሪፖርት ያቀረቡት ግምት ይህ ነው። ቢያንስ 6 ሚሊዮን ፈረንሳዊ ብሔራዊውን ቋንቋ ጭራሽ አያውቀውም። ሌላ ያን ያህል ሰው ደግሞ ወግ አስረዝሞ መጨዋወት አይችልም። አጥርተው የሚናገሩት ከ3 ሚሊዮን አይበልጡም። የአገሩ ሕዝብ ያን ጊዜ ከ25 ሚሊዮን በላይ ነው። በነፃነት ከሕዝቦች ሁሉ ቀድመን ተሰልፈናል፣ በቋንቋ ግን ሠላሳ ዓይነት አነጋገር ይዘን ገና ባቢሎን ግንብ ላይ ነን አሉ።

ይህን ክፋት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የሪፖርቱ ዋና ክርክር ግን ጠንካራ ነው። ሥልጣን የሕዝብ ከሆነ ማንኛውም ዜጋ መሾም አለበት። ሕጉ የሚጻፍበትን ቋንቋ የማያውቅ ሰው ቢሾም አገር ይጎዳል። አይሾም ከተባለ ደግሞ ቋንቋውን የሚያውቁት ጥቂቶች አዲስ መኳንንት ይሆናሉ። ገበሬው ሕጉን ካልገባው ጠበቃና ደላላ ይጫወትበታል። ይህ ለአምቤርሜኒል ገበሬዎች ቤተ መጻሕፍት የከፈቱት ቄስ ድምፅ ነው። እውነትም አለው።

መጥፎው ነገር መፍትሔው ላይ ነው። ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበር። በጃንዩዋሪ 1790 ያው አብዮት ሕጎች ሁሉ ወደ አካባቢ ቋንቋዎች እንዲተረጎሙ ወስኖ ነበር። ትርጉሙ ተጀመረ። ወጪው በዛ፣ ተርጓሚ ጠፋ፣ ሥራው ተጓተተ። ከዚያ ጦርነት መጣ። በጃንዩዋሪ 1794 ባሬር የተባለው፣ ያን ጊዜ አገሩን ይመራ የነበረው የሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴ አባል፣ ተነስቶ እንዲህ አለ፦ ፌዴራሊዝምና አጉል እምነት የሚናገሩት ብሬቶንኛ ነው፤ ሪፐብሊኩን መጥላት ጀርመንኛ ነው፤ ፀረ-አብዮት ጣልያንኛ ይናገራል፤ አክራሪነት ደግሞ ባስክኛ። ቋንቋው ራሱ ተከሳሽ ሆነ። አባ ግሬጓር እንደ ባሬር ጠላት አያነፍንፉም፤ ለገበሬው አስበው ነው። ውጤቱ ግን እዚያው ነው የሚያደርሰው። ገበሬው ሁለት ቋንቋ ቢኖረውስ የሚለው እንደ መፍትሔ አልታያቸውም። እሳቸው ራሳቸው ስንት ቋንቋ ያነብቡ የነበሩ ሰው!

ሪፖርቱ ወዲያው ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። መምህር የለም፣ ገንዘብ የለም። ሥራውን የሠራው ከ1880ዎቹ በኋላ የመጣው ነፃና የግዴታ ትምህርት ነው። በብሬታኝ ክፍል ውስጥ ብሬቶንኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ ምልክት ይንጠለጠልበት ነበር። ልጁ ሌላ አጥፊ እስኪያጋልጥ ድረስ አይወርድለትም። አባ ግሬጓር ይህን አላዘዙም። ግን ቋንቋን እንደ ጉድፍ ማየት የተጀመረው ከዚህ የትምህርት ቤት ቅጣት ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

አንዱን የኛ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። አንትዋን ዳባዲ በ1838 ኢትዮጵያ ገብቶ ዓመታት ከረመ፤ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ፓሪስ አሳተመ። ይኸው ሰው በአባቱ ባስክ ነው። በ1850ዎቹ በባስክኛ የግጥም ውድድር አቋቁሞ ገንዘቡን አፍስሶበታል። አንዳይ ከተማ ያሠራው ቤተ መንግሥት ግድግዳው ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አለበት። ባሬር የአክራሪነት ቋንቋ ያለውን፣ አባ ግሬጓር ይጥፋ ያሉትን ቋንቋ የሚያድን ሰው፣ የኛንም ቃላት ሰብስቦ አስቀመጠልን።

ናፖሊዮንና ከሱ በኋላ

በ1802 ናፖሊዮን ባርነትን መለሰው። አባ ግሬጓር ያን ጊዜ ሴናተር ናቸው። ዘውድ ልጫን ሲል ከተቃወሙት ጥቂት ሴናተሮች አንዱ ሆኑ፤ ሚስቱን ሲፈታም ተቃወሙ። (የቆንት ማዕረግ ሲሰጣቸው ግን ተቀብለዋል። ሰው ናቸው።) በ1808 በባርነት ጉዳይ ትልቁን መጽሐፋቸውን አወጡ። ጥቁር በአእምሮ ያንሳል ለሚሉት መልስ ይሆን ዘንድ የጥቁር ጸሐፍትን፣ ሊቃውንትንና ባለቅኔዎችን ሕይወት ሰብስበው ጻፉ።

አንድ ቅጂ ለአሜሪካው ቶማስ ጄፈርሰን ላኩ። ጄፈርሰን ቀደም ሲል ጥቁሮች በአእምሮ ሳያንሱ አይቀሩም ብሎ የጻፈ፣ ባሪያም ያለው ሰው ነው። በፌብሩዋሪ 1809 በትሕትና መለሰላቸው። ጥርጣሬዬ ቢፈርስ ደስ ይለኛል፤ ለማንኛውም ችሎታቸው ምንም ይሁን ምን የመብታቸው መለኪያ አይደለም አላቸው። ያምራል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ግን ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ፣ ጳጳሱ የሰማውን ሁሉ የሚያምን ሰው ነው፣ ለስላሳ መልስ ሰጥቼ ሸኘሁት አለ። ፊት ለፊት ማር፣ ከኋላ ሌላ።

ነገር ግን ጄፈርሰን በማስመሰል የጻፈው ዓረፍተ ነገር ከአባ ግሬጓር መጽሐፍ የተሻለ ክርክር ነው ብል ማን ይቆጣኛል? እሳቸው የጥቁርን መብት ለማስረገጥ ባለቅኔና ሊቅ ቆጠሩ። ቅኔ ያልተቀኘውስ? ያልተማረውስ? ችሎታ የመብት መለኪያ አይደለም የሚለውን ባሪያ ያለው ሰው ጻፈው፤ ባሪያ ነፃ ይውጣ የሚሉት ሰው ሊቃውንት ቆጥረው ያስረዱ ነበር።

ነገሥታቱ ሲመለሱ አባ ግሬጓር ከአካዳሚው ተባረሩ፣ ጡረታቸውን አጡ፤ መጽሐፎቻቸውን እስከ መሸጥ ደረሱ። በ1819 የኢዜር ክፍለ ሀገር ሕዝብ እንደራሴ አድርጎ መረጣቸው። ምክር ቤቱ ግን ንጉሥ ገዳይ ነው ብሎ ወንበሩን ከለከላቸው። ከዚህ በኋላ ሥራቸው መጻፍና ከሐይቲ ሰዎች ጋር መላላክ ሆነ።

በሜይ 1831 ሊሞቱ ሲሉ የፓሪስ ሊቀ ጳጳስ ደ ኬለን ቅዱስ ቁርባን የምትቀበለው የ1790ውን መሐላ ከካድህ ነው አሏቸው። አልክድም አሉ። አባ ጊዮን የተባሉ ቄስ የሊቀ ጳጳሱን ትእዛዝ ጥሰው ምሥጢራቱን ፈጸሙላቸው። ሜይ 28 ላይ አረፉ። ከቀብሩ ጸሎት በኋላ ተማሪዎች ፈረሶቹን ፈትተው ሠረገላውን በእጃቸው እየጎተቱ እስከ ሞንፓርናስ መቃብር ወሰዱት። የአብዮቱ ዝነኛ ጄኔራል ላፋዬት ነበረ፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተከተለ። ዜናው ሲደርስ ሐይቲ በይፋ ሐዘን ተቀመጠች።

ውሉ ዛሬ

በዲሴምበር 1989፣ በአብዮቱ 200ኛ ዓመት፣ ፕሬዚዳንት ሚቴራን አፅማቸውን የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዮን አስገባ። የፓሪሱ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሉስቲዤ በሥነ ሥርዓቱ አልተገኙም፤ መሐላው ገና አልተረሳም ነበር። ካርዲናሉ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። የአይሁዶችን ዜግነት ለማስገኘት የደከሙትን ሰው ቀብር ከአይሁድ የተወለደ ሊቀ ጳጳስ ቀረበት። ይህን ታሪክ ሲያነቡ የሚገጥሙ እንዲህ ያሉ መጣመሞች ብዙ ናቸው።

ሕጉ ግን አባ ግሬጓርን በደንብ ያስታውሳል። የተባበሩት መንግሥታት የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 27 አናሳ ሕዝቦች ባህላቸውን፣ ሃይማኖታቸውንና ቋንቋቸውን የመጠቀም መብት አላቸው ይላል። ፈረንሳይ ቃል ኪዳኑን በ1980 ስትቀበል ይህ አንቀጽ እኔ ዘንድ አይሠራም አለች። ምክንያቱ ሪፐብሊኩ አንድና የማይከፋፈል ነው፣ ዜጋ እንጂ አናሳ ሕዝብ አላውቅም የሚል ነው። በ1991 አንድ ሕግ «የኮርሲካ ሕዝብ» ቢል የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ቃሉን ሰረዘው። በ1992 የሪፐብሊኩ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው የሚል ሐረግ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። በ1999 መንግሥት የአውሮፓን የአካባቢ ቋንቋዎች ቻርተር ፈረመ፤ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ግን ለማኅበረሰቦች የተለየ መብት ይሰጣል ብሎ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለው። እስከ ዛሬ አልጸደቀም።

ይህ ሥርዓት ጥሩ ጎን የለውም ማለት አልፈልግም። ለአልዛሱ አይሁዳዊ፣ ለሴን-ዶማንጉ ክልስ፣ ማንም ሳይጠይቀው ዜጋ መሆን ትልቅ ነገር ነበር። ማኅበረሰብ ራሱ በልጆቹ ላይ ሲከብድ፣ ሕጉ ለግለሰብ መውጫ ይከፍትለታል። የማይዋጥልኝ ዋጋው ነው። ያለ ቋንቋህ ግባ የተባለ ሰው በእርግጥ እኩል ገብቷል? ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ከደጃፉ ምንም አልተቀነሰበትም።

በ2008 የአካባቢ ቋንቋዎች የፈረንሳይ ቅርስ ናቸው የሚል አንድ አንቀጽ ተጨመረ። ቅርስ ለሙዚየምም ይሆናል፤ መብት ግን አይደለም። በኤፕሪል 2021 የብሬታኙ እንደራሴ ፖል ሞላክ ያቀረበው የአካባቢ ቋንቋዎች ሕግ 247 ለ 76 በሆነ ድምፅ አለፈ። ከድንጋጌዎቹ አንዱ ትምህርቱ በሙሉ በአካባቢው ቋንቋ የሚሰጥበትን ዘዴ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይፈቅድ ነበር። ሜይ 21 ላይ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ይህን ድንጋጌ ሰረዘው። በሳምንቱ በብሬታኟ ጋንጋምፕና በባስክ አገሯ ባዮን ሺዎች ሰልፍ ወጡ። ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ብሬቶንኛና ባስክኛ የሚያስተምሩ፣ ራሳቸው ግን ቋንቋውን ከወላጆቻቸው ያልወረሱ ሰዎች ናቸው።